ለሕዝብ የተተወው ስንኝ

«ዛሬ ደግሞ ያቺን መኪናሽን እንዳታስጮሂብን» አለቻት የወንድሟ ሚስት፣ ገና በጠዋቱ፣ እንዴት አደርሽ እንኳ ሳትላት። ከጓሮው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆማ ሁለቱን የሳሎን መጋረጃዎች ክንዷ ላይ አንጠልጥላለች። ከሰዓት በኋላ የሬዲዮ ሰዎች እቤት ድረስ ይመጣሉ፤ ዝግጅቱ በቀጥታ የሚተላለፍ ስለሆነ ሰው እንኳ ቢያስል አገር ይሰማዋል፤ ባሏም ቢሆን እስከዚያ ጭንቅላቱን ማሳረፍ አለበት፤ ስለዚህ እንግዶቹ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ ከጓሮ ኮሽ የሚል ነገር እንዳይሰማ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ከተናገረች በኋላ መጋረጃዎቹን አልጋው ላይ ጣል አደረገችና፣ ጠርዛቸው ተተርትሯል፣ እስከ ምሳ ድረስ አድርሺልኝ ብላ ሄደች። መኪናው ሳይጮህ መጋረጃው እንዴት እንደሚሰፋ ግን አልነገረቻትም።

ሠፈሩ ባለመኪናዋ ነው የሚላት። መኪና አላት፣ ግን አንድም ቀን ተሳፍራባት አታውቅም እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም ነዳጅ ስለማትጠጣ ነው የምወዳት ብላ ትመልስላቸዋለች። በእግር የምትረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና ናት፤ እጅ ሲያርፍባት በኖረበት በኩል ጥቁር ቀለሟ ተልጦ ብረቷ ያብረቀርቃል። ክፍሏ ከአልጋ፣ ከመኪናዋና ከመተኮሻ ጠረጴዛ ሌላ የሚይዘው የለም፤ አንድ ሰው ከቆመ ሌላው የግድ መቀመጥ አለበት። ኪራይ አትከፍልም። ኪራይ አለመክፈሏን ግን እንድትረሳው ማንም አልፈቀደላትም፤ የወንድሟ ሚስት እንዲያው ለወሬ ያህል አስመስላ፣ ከታች ያለው ቤት ከዚህች ያነሰች ክፍል በስንት እንዳከራየ፣ አንዲት ነርስም ክፍል እያፈላለገች እንደሆነ በዚህ ሰሞን ደጋግማ አንስታላታለች። ባለመኪናዋ በወር የምትሰፋው መጋረጃ ሁሉ ቢደመር ያን ኪራይ አይሸፍንም። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ ወሬው ሁልጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል።

በእጇ ልትጀምረው መርፌ ስታነሳ የመጋረጃው ቀለም ክር ማለቁን አየችና ወደ ሱቅ ወጣች። ባለሱቁ ክር በጨመረ ቁጥር ዋጋውን የሚናገረው ጣራ ጣራ እያየ ነው፤ ዛሬም ጣራውን ሲያይ እንደጨመረ ገባት። ከክሮቹ መደርደሪያ አናት ላይ የተቀመጠው ሬዲዮ የከሰዓቱን ዝግጅት ያስተዋውቃል፤ ስለ አንድ ዘፈን ነው። «መስኮቱን ተዪልኝ» የሚለውን ዘፈን የማያውቅ የለም፤ ተጣልተው የታረቁ ባልና ሚስት፣ ተለያይተው የቀሩ ጓደኛሞች፣ ሁሉም የእኔ ነው ይለዋል። ብዙ ሰው ቢዘፍነውም ወሬ የሚነሳው ስለ ሦስት ቅጂዎች ነው። የመጀመሪያው የወንድሟ ነው፤ ወርቅ ጉሮሮ የሚለውን ስም ያወጣለት ይኸው ዘፈን ነው። ሁለተኛው አንድ የሆቴል ዘፋኝ በኪቦርድ ብቻ የሠራው፣ ልጆች እየዘለሉ የሚጨፍሩበት። ሦስተኛውን ደግሞ የወጣቶች ባንድ በቅርቡ አወጣውና ከተማውን ለሁለት ከፈለው።

ቁልፍ ሊገዛ የመጣ አንድ የታክሲ ሹፌር ክርክሩን ጀምሮ ነበር። የሆቴሉ ዘፋኝ ድምፁን በመሣሪያ ጎትቶ ነው የሰቀለው፣ እሱን ተወው ይላል፤ የልጆቹ ግን ጥሩ ሆኖ ሳለ የመጨረሻዋ ስንኝ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው በጊታር አለፏት፤ ዘፈኑን ወደ ቁንጮው አውጥተው አውጥተው እዚያ ሲደርሱ ጥለውት ሄዱ። ፈሪዎች ናቸው አለ። ባለሱቁ ተስማማ። ሬዲዮው ይህን የሰማ ይመስል የመጀመሪያውን፣ አሮጌውን ቅጂ ለቀቀ፤ ያቺኑ የመጨረሻዋን ስንኝ።

መስኮቱን ተዪልኝ፣ ይግባበት ነፋሱ፣
የሄደ ሰው እንኳን አይቀርም መመለሱ።

ድምፁ «መመለሱ» ላይ ከመውጣቱ በፊት ትንሽ ያዝ ይላል፤ እንቅፋት መታው ሲባል ዘሎ ይወጣል። ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ነቀነቀ። ይሄን ወንድ ልጅ ነው ያወጣው ብሎ ማን ያምናል አለ። ባለሱቁ ደግሞ ወደ እሷ ዞረና፣ አንቺስ ከዚህ ጉሮሮ ትንሽም አልደረሰሽ፣ የአንድ እናት ልጆች አይደላችሁ ሲል ቀለደባት።

«የእኔንም ድርሻ እሱ ነው የያዘው» አለች።

ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ። እሷም ፈገግ ብላ ክሯን ይዛ ወጣች፤ መንገድ ላይ ግን ፊቷ ጋለ፤ እየተራመደች መዳፏን ስትገልጠው ክሩን ጨምድዳው ኖሮ ጥቅልሉ ተተርትሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆች እያሉ ወንድሟ ዘፈን ይጀምራል፣ እሷ ትጨርሳለች፤ በቤታቸው እንዲህ ነበር የሚዘፈነው፣ ዕቃ ሲታጠብም፣ ልብስ ሲሰጣም። ማን የጀመረውን ማን እንደጨረሰው እናታቸው ከሌላ ክፍል ሆና መለየት ያቅታት ነበር፤ ድምፃቸው ከአንድ ጨርቅ የተቀደደ ነው። ሸክላው ሲቀረጽ እሷም አብራው ሄዳ ነበር፤ ወንድሟ ግን የመጨረሻዋ ስንኝ አልወጣ አለችው። አንዴ ሞከረ፣ ደገመ፣ ሙዚቀኞቹ ሰዓት እያዩ ማጉረምረም ጀመሩ። ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ማይክሮፎን ዙሪያ ቆሞ ነው የሚቀረጸው፤ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። በመጨረሻ ትልቁ ሳክስፎን ነፊ፣ ልጅቷ ትዝፈናት፣ የአንድ ቤት ጉሮሮ ነው፣ ማን ይለየዋል አለ። እሷም ወንድሟ ፈቀቅ ሲልላት ገብታ ዘፈነቻት። አንዴ ብቻ። ወንድሟ ጥግ ላይ ሆኖ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦውን እየገመጠ ሰማት፤ ስትጨርስም አፉ ሙሉ እንደሆነ አጨበጨበላት። ሸክላው ሲወጣ ልባሱ ላይ የነበረው ስም የእሱ ብቻ ነው። አባታቸው ለአንድ ቤት አንድ ዘፋኝ ይበቃል አለ፤ ሴት ልጅ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ስትለጠፍ ማየት አልፈልግም አለ፤ በዚያው አለቀ። አባትየው ከሞተ በኋላ እንኳ ማንም አላነሳውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እነሱም አምነውበት አብረው ሸመገሉ።

በጣም የሚያስቃትም የሚያቃጥላትም ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ወንድሟ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን የመጨረሻዋ ስንኝ ስትቃረብ ሌላ መላ አልነበረውም፤ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዞር ያደርገዋል፣ ሕዝቡ ይዘፍነዋል። ሕዝቡም ወደደው። ዝናው በዚህ ጨመረ፤ ትሑት ነው፣ ዘፈኑን ለባለቤቱ ለሕዝብ የሚመልስ ነው ተባለ። ከእሱ በኋላ የመጡት ዘፋኞች ሁሉ፣ መውጣት የሚችሉትም ሳይቀሩ፣ እዚያች ስንኝ ላይ ሲደርሱ ማይክሮፎናቸውን ማዞር ልማድ አደረጉት። የአንድ ሰው አለመቻል የአገር ወግ ሆኖ ቀረ።

መጋረጃውን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በእጇ ሰፋችው። አንዱን ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር የምሳ ሰዓት አለፈ፤ የወንድሟ ሚስት መጥታ የተጨረሰውን ብቻ ይዛ፣ አንዱ እንኳ ይኑር ብላ እያጉረመረመች ሄደች። ስለዚህ የሳሎኑ መስኮት ግማሹ ለብሶ ግማሹ ራቁቱን ቀረ። ከጓሮ ሆና በራቁቱ በኩል ሁሉንም ታያለች፦ ቡኒው ሶፋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የወንድሟ የሽልማት ጽዋዎች፣ ምንጣፉ ላይ እየተጎተተ የተዘረጋው ገመድ፣ በስተመጨረሻም ጋዜጠኛውና አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመው የባንዱ ዘፋኝ። በዚያ ሙቀት ሻርፕ ማድረጉ ገርሟት ለራሷ ባለሻርፑ አለችው። የወንድሟ ሚስት የጓሮ ድምፅ እንዳይገባ ብላ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። መዝጋቷ ግን ፋይዳ አልነበረውም፤ ጎረቤት ያለችው ልብስ አጣቢ ሬዲዮዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ ሙሉ ለሙሉ ለቃዋለች፤ ሳሎን ውስጥ የተባለው ሁሉ ከተማውን ዞሮ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ በአጥሩ በኩል ተመልሶ ይመጣል።

ጋዜጠኛው ሦስቱንም በተራ አሰማ። ባለመኪናዋ መርፌዋን ሳታቆም አዳመጠች። እውነቱን ለመናገር ወንድሟ መግቢያው ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ቃሉን እንደ ሻይ እያቀዘቀዘ ነው የሚሰጥህ፣ አይቸኩልም፣ አይለማመጥም። ይህን ማንም አይወስድበትም፤ እሷም ወስዳበት አታውቅም። የሆቴሉ ዘፋኝ ሲመጣ ፊቷን አጨማደደች፤ መጨረሻው ላይ ጅራቷ እንደተረገጠ ድመት ይጮኻል። የልጆቹ ሲጀምር ግን እጇ ዘገየ። ዝግ ብለው ነው የያዙት፣ ከበሮው እንደሚያንኳኳ እንግዳ ከሩቅ ነው የሚሰማው፣ ልጁ ድምፁ ትንሽ የተሰበረ ቢሆንም የሚለውን ያምንበታል። ከዚያ ያቺ ስንኝ ስትደርስ ሁሉም ይነሳላታል፤ ጊታሩ ብቻውን ዜማዋን ይላታል፣ ቃሏን ግን ማንም አይናገርም። እሷ ይህን ቅጂ መጀመሪያ የሰማችው ደንበኛ ቤት መጋረጃ ልትለካ ሄዳ ነው፤ መሰላል ላይ እንዳለች አልቅሳ ወረደች። እስከ ዛሬ ከዘፈኑት ሁሉ በሰው ወንበር ላይ ያልተቀመጡት እነሱ ብቻ ናቸው።

ጋዜጠኛው ወደ ወንድሟ ዞሮ፣ ለምን ነበር መድረክ ላይ የመጨረሻዋን ስንኝ ለሕዝብ የሚሰጡት ብሎ ጠየቀው። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ዘፈን የሕዝብ ነው፣ እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ አለ። ባለመኪናዋ በጥርሷ ክሩን በጠሰችው። ቀጥሎ አድማጮች ስልክ ደወሉ፤ አንዱ ባለሻርፑን በስሙ እየጠራ ወንድ ከሆንክ ድረስባት እንጂ በጊታር አትሸሽ አለው፤ ሌላዋ የዛሬ ልጅ ሁሉ ለስሙ ነው የሚዘፍነው አለች። ባለሻርፑ አቅሜ ነው ከማለት በቀር አልተከራከረም።

ለዜና ዕረፍት ሲሆን ልጁ ወደ ጓሮ ወጣና ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብሎ ጠጣ። ቀና ሲል በሩ ላይ አያት፤ ደንግጦ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። እሷም ልጄ ቀዝቃዛ ውሃ ለጉሮሮህ አይሆንም ብላ ከፔርሙስ ሙቅ ውሃ ቀዳችለት። ሻርፑን ሲፈታ አንገቱ ላይ የመድኃኒት ቅባት ያብለጨልጫል። ያቺን ስንኝ ለማውጣት ወራት እንደታገለ፣ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ድምፁ ጭራሽ ጠፍቶ ሐኪም ዘንድ እንደሄደ፣ ሐኪሙም ከዚህ በላይ ከጮህክ አትናገርም እንዳለው ነገራት። ጊታሩን ያስገቡት ለዚያ ነው። አሁን ደግሞ ከማይክሮፎን ውጪ ጋሼን ሚስጥሩን ቢጠይቃቸው፣ ጎህ ሲቀድ ተነስተህ ቀዝቃዛ ውሃ ተጉመጥመጥና ያለ ርኅራኄ ጩህ፣ እኔ እንዲያ ነው ያወጣኋት ብለውታል።

«ልትሞክረው ነው?» አለችው።

«እሳቸው ከደረሱባት እኔ ለምን አልደርስም እማማ? ነገ እጀምራለሁ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ዓይኗ በልጁ ትከሻ ላይ አልፎ ወደ ክፍሏ ሄደ፤ ወደ አልጋዋ፣ ወደ መኪናዋ፣ ኪራይ ወደማትከፍልበት ጣራ። በዚህ ዕድሜዋ ያንን የስፌት መኪና በጋሪ ጭና ቤት ስታፈላልግ ታያት፤ ነርሷም ዕቃዋን ይዛ ስትገባ ታያት። ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ፣ እንደ ልማዷ። ውሃውን ጠጣ፣ ግባ፣ ይጠሩሃል አለችው። ልጁ አመስግኖ ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰላትና ገባ።

ተመልሳ ተቀመጠች፤ መርፌው ግን አልታዘዝ አላት። የራሷን ነገር ለዓመታት ችላዋለች፤ ለምዳዋለች ማለት ይቻላል፣ ጠባብ ጫማ እንደሚለመድ። ይሄ ግን የእሷ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አንድ ሰው ለራሱ ካባ እንዲሆነው ብሎ የተናገራት ቃል የሌላውን ጉሮሮ ልትበላ ነው፤ እሷም ዝም ካለች አብራ ትበላለች። ንዴቱ ከእግሯ ጀምሮ ወጣ። የወንድሟ ድምፅ ከሳሎን ተሰማ፤ ዕረፍቱ አልቆ ነበር፤ የማጠቃለያ ሐሳቡን ተጠይቆ ዘና ብሎ ይመልሳል።

«የዛሬ ልጆች ጥሩ ናቸው፣ አልጠላቸውም። ግን ሰነፉ። እኛ ለዚያች ለመጨረሻዋ ስንኝ ደም ነው የተፋነው።»

ቃሉ አንዴ በተዘጋው መስኮት ታፍኖ መጣ፤ ሁለተኛ ደግሞ በጎረቤቷ አጥር ላይ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ደም ነው የተፋነው። ዳቦው ታያት። ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ እየገመጠ፣ ፍርፋሪው ሸሚዙ ላይ እየወደቀ። መጋረጃውን ከጭኗ ላይ ገፍታ ተነሳች። ክፍሏን ቆልፋ እንኳ አልወጣችም፤ ካስወጡኝ ያስወጡኝ፣ መኪና ያለው ሰው መንገድ ላይ አይቀርም አለች ለራሷ፤ ግቢውን አቋርጣ፣ በጓዳ በኩል ገብታ፣ ክር የገባበት መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ሳሎኑ መሐል ቆመች።

«ጋሼ፣» አለችው፣ «ደሙን የተፋው ማን ነው?»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ለረጅም ጊዜ ሲጠብቀው የኖረ እንግዳ በር ላይ ሲደርስበት የሚደነግጠውን ድንጋጤ ነው የደነገጠው። ጋዜጠኛው በቀጥታ ስርጭት ላይ መሆኑን አልረሳምና፣ አድማጮቻችን፣ አንዲት የቤተሰብ አባል ተቀላቅለውናል ብሎ ለማለሳለስ ሞከረ። የወንድሟ ሚስት ክርኗን ይዛ እየሳበች፣ ትንሽ ያማታል፣ ይቅርታ አድርጉላት ትላለች በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታውም በሬዲዮ ተሰማ።

«አላመመኝም» አለች ባለመኪናዋ፣ ክርኗን እያስለቀቀች። «እህቱ ነኝ። ሸክላው ላይ ያቺን የመጨረሻዋን ስንኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ይሄን ልጅ ሰነፍ አትበሉት። ወንድ የደረሰባት ስንኝ አይደለችም።»

የሚያምናት እንደሌለ ከዓይናቸው አየች፤ ለምንስ ያምኗታል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገች የጓሮ ሰፊ ናት፣ ከጀርባዋ የተሰቀሉት ጽዋዎች ላይ የተቀረጸው የእሱ ስም ነው። ታዲያ ከጉሮሮዋ በቀር ሌላ ምን ማስረጃ አላት። መቼ እንደዘፈነች እንኳ አታስታውስም፤ መኪናዋን ስትረግጥ ከጥርሷ መሐል ከማንጎራጎር በቀር። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ወንድሟን እያየች ጀመረችው።

መስኮቱን ተዪልኝ፣ ይግባበት ነፋሱ…

ድምፁ ወፍሯል። ዳር ዳሩም ሻክሯል፤ መነሻው ላይ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። የሆነ ሆኖ አልተመለሰችም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ «መመለሱ» ከማለቷ በፊት ያቺ ያዝ ማለት መጣች፣ ሳትጠራት፣ ከዚያች የቀረጻ ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደተቀመጠች፤ ዘፋኙ ሁሉ ሊመስላት ሲታገል የኖረባት ትንሿ እንቅፋት። ከእንቅፋቷ በላይ ዘላ ወጣች። ደረሰች። እስክትወርድ ድረስ ባለሻርፑ አፉን በሻርፑ ይዞ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ሰውን ያስደነገጠው ግን የወንድሟ እጅ ነው። እሷ ስትጀምር፣ እሱ ሳያውቀው፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው ሁሉ፣ ማይክሮፎኑን ከራሱ አፍ መልሶ ወደ ፊት አዞረው። ስንኟ ስትመጣ እጁ ሌላ አያውቅም። ዘፍና ስትጨርስ ማይክሮፎኑ በተዘረጋ ክንዱ ላይ ወደ እሷ እንደተደቀነ ነበር፤ እሱም የራሱን እጅ እንደ ሌላ ሰው እጅ ያየው ነበር።

«ጋሼ፣» አለ ጋዜጠኛው በቀስታ፣ «እውነት ነው?»

ወንድሟ ዝም አለ። እሷ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ አብራው ኖራለች፤ ማዕድ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ በየመንገዱ አድናቂ እጁን ሲስመው እሷ ቦርሳውን ይዛ ከኋላ ስትቆም። በዚህ ቤት ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ይህ ዝምታ ነው። ሬዲዮ ላይ ግን ዝምታ ሌላ ነገር ነው። ከአጥሩ በላይ የጎረቤቷም ሬዲዮ ዝም አለ፣ ከዚያም ማዶ ያለው፣ ከታችም ያለው፤ ሠፈሩ በሙሉ፣ ክር ሱቁም፣ ታክሲውም፣ ወርቅ ጉሮሮ «አይደለም» ማለት ሲያቅተው እየሰማ ነበር። ጋዜጠኛው ጨነቀው፤ ክፍተቱን ሊሞላ ሙዚቃ ልቀቁ ብሎ ለባልደረባው ምልክት ሊሰጥ እጁን አነሳ።

«ተወው ልጄ» አለችው። «ይሰማ።»

ጋዜጠኛው እጁን መለሰ። ወንድሟ ማይክሮፎኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀረቀረ፤ ሽበታም አናቱን አየችው፤ አሳዘናት፤ ማዘኗ ግን ቃሏን አላስመለሳትም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ልትለው አሰበችና ተወችው፤ የሚበቃውን ሰምቷል። ይልቅ ወደ ባለሻርፑ ዞራ፣ ነገ ጠዋት ተኛ፣ ጩኸቱን ተወው፣ ጊታሩን ደግሞ እንዳታወጡት፣ ዘፈኑን እንደ እናንተ ያከበረው የለም አለችው። ልጁ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም። ስትወጣ መስኮቱ ዘንድ ቆም ብላ፣ በዚህ ሙቀት ታፍናችሁ ልትሞቱ ነው ብላ ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ጥጉ ከፈተችው።

ክፍሏ ገብታ ግማሽ የቀረውን መጋረጃ ከወለል አነሳች። ክሩን በመኪናዋ መርፌ ለማስገባት ደጋግማ መሞከር ነበረባት። ሳሎን ውስጥ ጋዜጠኛው እንደገና መናገር ጀምሯል፤ የአድማጮች ስልክ እየተጨናነቀ መሆኑን፣ ባንዱ የሚቀጥለውን ዝግጅቱን ምናልባት ሌላ ድምፅ ጨምሮ እንደሚያቀርብ ባለሻርፑ እንደነገረው ይናገራል። ጨርቁን ከመርፌው በታች አስገብታ ስታስተካክል የወንድሟ ሚስት ደጃፉ ላይ መጥታ ቆመች። ጠዋት የቆመችበት ቦታ ነው። የምትለው ብዙ ነገር እንዳላት ከከንፈሯ ያስታውቃል፤ ስለ ነርሷ፣ ስለ ክፍሏ፣ ስለ ውለታ፤ ነገር ግን ከየት እንደምትጀምረው ግራ የገባት ትመስላለች።

«ገና አልሄዱም እኮ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ» አለች ባለመኪናዋ፣ መርገጫውንም ረገጠችው።

መኪናዋ ጮኸች። ትንሽ ዘግየት ብሎ ደግሞ በአጥሩ ላይ ከተሰቀለው የጎረቤቷ ሬዲዮ ያው የመኪናዋ ድምፅ ተሰማ።